ሺህ ዓመታት የሚኖሩትን ጋዞች ማን ይቆጥራቸዋል?

በሳዑዲ ዓረቢያ ምሥራቃዊ ግዛት ከደማም ወደ ኮባር የሚጓዝ ሰው የአካባቢው ኑሮ በምን ላይ እንደቆመ ለመረዳት አይቸገርም። በሁለቱ ከተሞች አጠገብ በምትገኘው ዳህራን በ1938 እ.ኤ.አ. «ደማም ቁጥር 7» ከተባለው ጉድጓድ ነዳጅ በብዛት ከፈለቀ ወዲህ፣ ዓሣ ማጥመድና ዕንቁ መልቀም መተዳደሪያቸው የነበሩ የባሕር ዳርቻ መንደሮች የወደብ፣ የፋብሪካና የንግድ ማዕከላት ሆነዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የነዳጅ ማጣሪያው ነበልባል በሌሊት ከሩቅ ይታያል። የኤሌክትሪክ ምሰሶዎች በበረሃው ላይ ተደርድረዋል። በበጋ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ወቅት ደግሞ «ሙከይፍ» የሚባለው የአየር ማቀዝቀዣ የማይሰማበት ቤት የለም።

ዓይን የሚያየው ይህን ሁሉ ነው። ዓይን የማያየው፣ አፍንጫ የማያሸተው፣ ነገር ግን ከእነዚህ ሥራዎች ሁሉ ጋር አብሮ የሚኖር ሌላ ነገርም አለ። እርሱም ፍሎሪን አዘል ጋዝ ነው። መጠኑ እጅግ ጥቂት ነው፤ ዕድሜው ግን ከመንግሥታት ዕድሜ ይረዝማል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ እነዚህን ጋዞች የሚቆጥራቸው ማን ነው? የሚቆጠሩትስ ከወረቀት ላይ ነው ወይስ ከአየር ላይ?

ከሰው ዕድሜ የሚረዝም ቆይታ

ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲነገር በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሚቴን ቀጥሎ ይመጣል፤ ሚቴን ግን በከባቢ አየር ውስጥ የሚቆየው ወደ 12 ዓመት ያህል ብቻ ነው። በፍሎሪን ከተሠሩት ጋዞች መካከል ግን ቆይታቸው በዚህ መለኪያ የማይለካ አሉ። ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ የተባለው ጋዝ ቀድሞ 3,200 ዓመት ይኖራል ይባል ነበር፤ የቅርብ ጊዜ ጥናቶች ዕድሜውን ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ዝቅ አድርገውታል። ሄክሳፍሎሮኢቴን ወደ 10,000 ዓመት፣ ካርቦን ቴትራፍሎራይድ ደግሞ ወደ 50,000 ዓመት ይቆያሉ።

ምክንያቱ በተፈጥሯቸው ነው። ፍሎሪን ከካርቦን ወይም ከሰልፈር ጋር የሚያደርገው ትስስር እጅግ ጠንካራ ነው። ዝናብ አያጥባቸውም፣ ዕፅዋት አይወስዷቸውም፣ ሌሎች ብክለቶችን የሚያነጻው የአየር ኬሚስትሪም አይሰብራቸውም። የሚፈርሱት እጅግ ከፍ ባለው የከባቢ አየር ክፍል ብቻ ነው፤ እዚያ ለመድረስና ለመፍረስ ደግሞ ዘመናት ያስፈልጋሉ።

ሙቀትን የማመቅ ኃይላቸውም ከቆይታቸው የሚያንስ አይደለም። በ100 ዓመት ስሌት አንድ ኪሎ ግራም ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ከ23,000 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ በላይ ያሞቃል። በሌላ አነጋገር ከአንድ መሣሪያ ሾልኮ የወጣ አንድ ኪሎ ጋዝ፣ ወደ 10 ሺህ ሊትር ቤንዚን በማቃጠል ከሚወጣው ጭስ ጋር ይመጣጠናል። 10 ሺህ ሊትር ቤንዚን ያቃጠለ ሰው ሥራውን ያውቀዋል፤ አንድ ኪሎ ጋዝ ያመለጠው ግን ላያውቀው ይችላል።

ጋዞቹ በምሥራቃዊው ግዛት ምን ይሠራሉ?

የመጀመሪያው ቦታቸው ኤሌክትሪክ ነው። የባሕረ ሰላጤው ትብብር ምክር ቤት አገሮችን የኃይል መረብ የሚያገናኘው ባለሥልጣን ዋና መሥሪያ ቤቱ በደማም ነው። መረቡ በ400 ሺህ ቮልት የሚሠራ ሲሆን የመጀመሪያው ምዕራፍ በ2009 ተጠናቋል። የሳዑዲ ዓረቢያ ኤሌክትሪክ በ60 ኸርትዝ፣ የጎረቤቶቿ በ50 ኸርትዝ ስለሚሠራ በአል ፋዲሊ 1,800 ሜጋ ዋት የሚያስተላልፍ መለወጫ ጣቢያ ተተክሏል። እንዲህ ባለ ከፍተኛ ኃይል ላይ መስመር ሲቋረጥ በሁለቱ ጫፎች መካከል የእሳት ቅስት ይነሳል። ቅስቱን በቅጽበት ለማጥፋት ለአሥርተ ዓመታት በዓለም ዙሪያ ሲያገለግል የኖረው ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ነው። በጋዝ የተሞሉ ዝግ መሣሪያዎች ቦታ ይቆጥባሉ፤ በተለይ የበረሃ አቧራና የባሕር ጨው ክፍት መሣሪያን በሚያበላሹበት አካባቢ ተመራጭ ናቸው። ጋዙ በሣጥኑ ውስጥ እስካለ ድረስ ጉዳት የለውም። ችግሩ የሚመጣው መዝጊያው ሲያረጅ፣ መሣሪያው ለጥገና ሲከፈት ወይም ዘመኑ አልፎ ሲጣል ነው።

ሁለተኛው ቦታቸው አሉሚኒየም ነው። ከደማም በስተሰሜን ምዕራብ፣ ከጁበይል አልፎ በሚገኘው ራስ አል ኸይር የማዓደን ኩባንያ በዓመት 740 ሺህ ቶን አሉሚኒየም ማምረት የሚችል ማቅለጫ አለው፤ የመጀመሪያው ምርት የወጣው በታኅሣሥ 2012 ነበር። ከኮባር ማዶ ደግሞ በ1986 የተከፈተው የንጉሥ ፋህድ ድልድይ የሚያገናኛት ባህሬን፣ ከ1971 ጀምሮ የሚያመርተውና በዓመት ከ1.5 ሚሊዮን ቶን በላይ የደረሰው «አልባ» ማቅለጫ ባለቤት ናት።

በእነዚህ ማቅለጫዎች ካርቦን ቴትራፍሎራይድን ሆን ብሎ የሚሠራ የለም። አሉሚና የተባለው ጥሬ ዕቃ ፍሎሪን ባለበት ቀልጦ የተዘጋጀ ፈሳሽ ውስጥ ይሟሟል፤ ከዚያም ኤሌክትሪክ ይለቀቅበታል። በገንዳው ውስጥ ያለው አሉሚና ከሚገባው በታች ሲወርድ ከአራት እስከ አምስት ቮልት የነበረው ኃይል በድንገት ወደ ብዙ አሥር ቮልት ይዘላል። በዚያች ደቂቃ የፈሳሹ ፍሎሪን ከካርቦኑ ጋር ተዋሕዶ ካርቦን ቴትራፍሎራይድና ሄክሳፍሎሮኢቴን ይፈጠራሉ። ጥሩ ኮምፒውተርና ንቁ ሠራተኛ ያለበት ፋብሪካ ይህን ክስተት ወደ ጥቂት ደቂቃዎች፣ እንዲያም ሲል ወደ ጥቂት ሰከንዶች ያሳጥረዋል። የዓለም አሉሚኒየም ኢንዱስትሪም ከ1990 ወዲህ በየቶኑ የሚለቀቀውን መጠን በእጅጉ ቀንሷል። ሆኖም ካርቦን ቴትራፍሎራይድ 50,000 ዓመት ስለሚኖር የጥቂት ደቂቃ ስህተት ከዓለም መዝገብ አይፋቅም።

ሦስተኛው ቦታ የማቀዝቀዣው ዓለም ነው። በሙከይፍና በመኪና ማቀዝቀዣ ውስጥ ያሉት ጋዞች ቆይታቸው አጭር ነው፤ ለምሳሌ በመኪናዎች ውስጥ የተለመደው አር-134ኤ ወደ 14 ዓመት ይኖራል። ነገር ግን አር-22 የተባለው የቆየ የማቀዝቀዣ ጋዝ በፋብሪካ ሲመረት ኤችኤፍሲ-23 የተባለ ተረፈ ምርት ይወጣል። የዚህኛው ዕድሜ ከ200 ዓመት በላይ ነው። ስለዚህ በኮባር አንድ ክፍል ያቀዘቀዘ ጋዝ፣ በተመረተበት ሩቅ አገር ረጅም ዕድሜ ያለው ወንድሙን ጥሎ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ከአንድ ትሪሊዮን መካከል አሥራ አንዱን መፈለግ

ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድ ዛሬ በከባቢ አየር ውስጥ ያለው መጠን ከአንድ ትሪሊዮን የአየር ቅንጣቶች መካከል ከ11 የሚበልጥ ነው። አንድ ትሪሊዮን ሰከንድ ወደ 31,700 ዓመት ነው፤ ከዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ 11 ሰከንድ እንደ መለየት ያህል ነው። ይህን የሚያደርግ መሣሪያ እንዴት ተገኘ?

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጄምስ ላቭሎክ በ1957 እጅግ ጥቂት የሆኑ ኬሚካሎችን የሚለይ መሣሪያ ሠራ። በ1971 እና በ1972 መሣሪያውን በመርከብ ጭኖ ከብሪታንያ እስከ አንታርክቲካ ሲለካ፣ የማቀዝቀዣና የሽቶ ቆርቆሮ ጋዝ የነበረው ሲኤፍሲ-11 ፋብሪካ በሌለበት ውቅያኖስ ላይ ሳይቀር መኖሩን አገኘ። ማርዮ ሞሊናና ሸርዉድ ሮውላንድ በ1974 እነዚህ ጋዞች የኦዞንን ሽፋን እንደሚጎዱ አስረዱ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። መነሻው ግን አንድ ሰው አየርን ለክቶ ያገኘው ቁጥር ነበር።

በ1978 ዛሬ «አጌጅ» በሚል አህጽሮት የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የመለኪያ መረብ ሥራ ጀመረ። ጣቢያዎቹ ከሰው መኖሪያ በራቁ ዳርቻዎችና ተራሮች ላይ ናቸው፤ ማስ ሄድ በአየርላንድ፣ ኬፕ ግሪም በአውስትራሊያዋ ታዝማኒያ፣ ራግድ ፖይንት በባርቤዶስ፣ ዩንግፍራውዮክ በስዊዘርላንድ፣ ጎሳን በደቡብ ኮሪያ ይገኛሉ። «ሜዱሳ» የተባለው የጣቢያዎቹ መሣሪያ ሁለት ሊትር ያህል አየር ስቦ ከዜሮ በታች ወደ 165 ዲግሪ በቀዘቀዘ ወጥመድ ውስጥ ጋዞቹን ይይዛል፤ ከዚያም በጥቂቱ እያሞቀ አንድ በአንድ ይለያቸዋል፣ ይመዝናቸዋል። በኬፕ ግሪም ደግሞ ከ1978 ጀምሮ ንጹሕ የባሕር አየር በብረት ጋን ታሽጎ ይቀመጣል። ዛሬ አዲስ ጋዝ ቢታወቅ የድሮውን ጋን ከፍቶ መቼ እንደጀመረ ማወቅ ይቻላል። በዚህና በዋልታ በረዶ ውስጥ በታመቀ ጥንታዊ አየር አማካይነት፣ ካርቦን ቴትራፍሎራይድ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከአለቶች ብቻ የሚወጣ ሆኖ ከትሪሊዮን ወደ 34 ገደማ እንደነበር ታውቋል። ዛሬ ከ85 በላይ ሆኗል።

ወረቀትና አየር ሲለያዩ

አገሮች ልቀታቸውን የሚያሰሉት በአብዛኛው ከወረቀት ነው። ስንት መሣሪያ ተተከለ፣ ስንት ኪሎ ጋዝ ተገዛ፣ ስንት ቶን ብረት ቀለጠ ተብሎ ይጠየቃል፤ ቁጥሩ በተገመተ የማፍሰስ መጠን ይባዛል። ዘዴው አስፈላጊ ነው። ግን ግምቱ ከተሳሳተ ወይም የሚቆጥረው ሰው ዝም ካለ ወረቀቱ ራሱን የሚያርምበት መንገድ የለውም።

አየር ግን ዝም አይልም። የሲኤፍሲ-11 ምርት በዓለም ዙሪያ ከ2010 ጀምሮ ቆሞ ነበር፤ አገሮችም ምንም እንደማያመርቱ ሲዘግቡ ነበር። በ2018 የወጣ ጥናት ግን ልቀቱ ከ2012 በኋላ እንደጨመረ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት በጎሳንና በጃፓኗ ሃተሩማ ደሴት የተገኙት ልኬቶች ከነፋስ አቅጣጫ ጋር ተገናዝበው ከጭማሪው ከፍተኛው ክፍል ከምሥራቅ ቻይና እንደመጣ አመለከቱ። እርምጃ ተወሰደ፤ በ2021 የወጡ ጥናቶች ልቀቱ በፍጥነት እንደወረደ አረጋገጡ። ኤችኤፍሲ-23ም ሌላ ምሳሌ ነው። ዋነኞቹ አምራች አገሮች ሊያጠፉት እንደጀመሩ ከዘገቡ በኋላ በ2018 የተለካው የዓለም ልቀት እስከዚያን ጊዜ ከታየው ሁሉ የላቀ ሆኖ ተገኘ።

መለካት ግን ለመክሰስ ብቻ አይደለም። ብሪታንያ የራሷን ዘገባ በማስ ሄድና በረጃጅም ማማዎች ላይ ከሚደረግ ልኬት ጋር ስታነጻጽር የአር-134ኤ ልቀቷን ከእውነተኛው አብዝታ ስትዘግብ እንደቆየች አወቀች፤ የመኪና ማቀዝቀዣዎች ምን ያህል ጊዜ እንደሚሞሉ የተወሰደው ግምት ከፍ ያለ ነበር። ስሌቱም ተስተካከለ። እንግዲህ አየር ንጹሑንም ሰው ነጻ ያወጣዋል።

ምስክር የሌለበት ሰማይ

ከላይ ከተጠቀሰው መረብ ዋና ጣቢያዎች መካከል በዓረቢያ ልሳነ ምድር የሚገኝ የለም። በዚህም ምክንያት ከራስ አል ኸይርም ሆነ ከባህሬን፣ ከደማም ማከፋፈያም ሆነ ከኮባር ሰገነት የሚያመልጥ ጋዝ የሚታወቀው ከዓለም አየር ጋር ተቀላቅሎ አየርላንድ ወይም ታዝማኒያ ሲደርስ ነው። በዚያን ጊዜ የዓለም ድምር ከፍ ማለቱ ይታያል፤ ከማን እንደመጣ ግን አይታይም። ለጥንቁቁም ለግዴለሹም ፋብሪካ አንድ ዓይነት ፍርድ ነው።

በአካባቢው አየርን መለካት ምን ሊያስተምር እንደሚችል የሚያሳይ ታሪክ አለ። በ2017 በጋ የጀርመኑ ማክስ ፕላንክ የኬሚስትሪ ተቋም ሳይንቲስቶች «ኮማንዶር አዮና» በተባለች መርከብ ከሜዲትራኒያን ተነስተው በስዊዝ ቦይና በቀይ ባሕር በኩል ልሳነ ምድሩን ዞረው እስከ ኩዌት ደረሱ፤ ተመለሱም። የለኩት ፍሎሪን አዘል ጋዞችን ሳይሆን በተለይ ኦዞንንና ከነዳጅ ጋር የተያያዙ ጋዞችን ነበር። በባሕረ ሰላጤው ላይ ከፍተኛ ኦዞን አገኙ። በሰሜናዊው ቀይ ባሕር ላይ ደግሞ የኢቴንና የፕሮፔን መጠን የልቀት ሰነዶች ከሚሉት በላይ ሆነባቸው፤ ምንጩም ከጥልቁ ባሕር ውኃ እንደሆነ በ2020 ባወጡት ጥናት ገለጹ። አንድ መርከብ በአንድ በጋ ወረቀት የማያውቀውን አሳየ።

ምሥራቃዊው ግዛት ለዚህ ሥራ አመቺ መልክዓ ምድር አለው። ሸማል የተባለው የሰሜን ምዕራብ ነፋስ ሲነፍስ የራስ አል ኸይርንና የጁበይልን አየር ወደ ደማምና ኮባር ያመጣል። ነፋሱ ከደቡብ ምሥራቅ ሲዞር ደግሞ ከባህሬንና ከኳታር አቅጣጫ ይመጣል። በባሕሩ ዳርቻ ላይ የቆመ አንድ ጣቢያ የነፋሱን አቅጣጫ እያየ የትኛው ጋዝ ከየት እንደመጣ ሊለይ ይችላል። በዳህራን ከ1963 ጀምሮ የንጉሥ ፋህድ የነዳጅና የማዕድናት ዩኒቨርሲቲ መኖሩም ዕውቀት በሩቅ እንዳልሆነ ያሳያል።

የአቅም ማነስ ምክንያት የሚሆንበት ዘመንም እያለፈ ነው። በአፍሪካችን ሩዋንዳ በሙጎጎ ተራራ ላይ ከማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር የአየር ንብረት መመልከቻ ጣቢያ አቁማለች።

ረጅም ዕድሜ፣ አጭር ሕግ

በዚያችው ሩዋንዳ ዋና ከተማ በጥቅምት 2016 የተፈረመው የኪጋሊ ማሻሻያ የማቀዝቀዣ ጋዞችን በደረጃ ለመቀነስ የወጣ ነው። ኢትዮጵያ በምትገኝበት የአገሮች ምድብ ፍጆታው ከ2024 ጀምሮ ከተወሰነለት መጠን እንዳያልፍ ተወስኗል። ሳዑዲ ዓረቢያና የባሕረ ሰላጤው ጎረቤቶቿ ባሉበት ምድብ ደግሞ ይህ የሚጀምረው በ2028 ነው። ኤችኤፍሲ-23ም በዚሁ ማሻሻያ ውስጥ ተካትቷል።

ሰልፈር ሄክሳፍሎራይድና ካርቦን ቴትራፍሎራይድ ግን በኪጋሊ የቅነሳ ሰሌዳ ውስጥ የሉም። ከሁሉም ይልቅ ረጅም ዕድሜ ያላቸው እነዚህ ጋዞች የሚነሱት በፓሪስ ስምምነት ዘገባ ነው። በዚያም ቢሆን ታዳጊ አገሮች አቅማቸው እስኪጠነክር ድረስ ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ ሚቴንንና ናይትረስ ኦክሳይድን ግድ ሲዘግቡ፣ ፍሎሪን አዘል ጋዞችን በእቅዳቸው ካላካተቱ ወይም ቀደም ብለው ካልዘገቡ መተው ይችላሉ። ይህ ፈቃድ ለድሃ አገር ርኅራኄ ነው። ሆኖም ዕድሜው 50,000 ዓመት የሆነ ነገር ከመዝገብ ውጪ እንዲያድር በር ይከፍታል።

ነገሩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም። አገራችን ከኬንያ ጋር በ500 ሺህ ቮልት መስመር ተገናኝታለች፤ ታላቁ የሕዳሴ ግድብም በመስከረም 2025 ተመርቋል። ማከፋፈያ ጣቢያ በበዛ ቁጥር የምንገዛው መሣሪያ በምን ጋዝ እንደተሞላ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት እስከ 24 ሺህ ቮልት ባሉ አዳዲስ መሣሪያዎች ላይ ፍሎሪን አዘል ጋዞችን ከጥር 2026 ጀምሮ ከልክሏል፤ በቫክዩምና በደረቅ አየር የሚሠሩ አማራጮች ገበያ ላይ አሉ። ዛሬ የሚተከል መሣሪያ እስከ 40 ዓመት ስለሚያገለግል ምርጫው የሚደረገው አሁን ነው።

የባለሙያው እጅ

ዓለም አቀፍ ስምምነትና ውድ መሣሪያ ባሉበት ነገር ላይ ተራው ሠራተኛ ምን ድርሻ አለው ይባል ይሆናል። እውነቱ ግን ጋዙ የሚያመልጠው በስብሰባ አዳራሽ ሳይሆን በእጅ መካከል ነው። ቧንቧውን ከመፍታቱ በፊት ጋዙን በማሽን ወደ ሲሊንደር የሚመልስ ቴክኒሻን አለ፤ ጊዜ ለመቆጠብ ወደ አየር የሚለቅም አለ። ሲሊንደሩን ከሥራ በፊትና በኋላ መዝኖ የሚጽፍ አለ፤ «ጎደለ፣ ሙላ» ብሎ የሚያልፍም አለ። በየጊዜው መሙላት የሚያስፈልገው መሣሪያ እያፈሰሰ መሆኑን ሙያው ራሱ ይናገራል። በደማምና በኮባር በእነዚህ ሙያዎች የተሰማሩ የልዩ ልዩ አገር ልጆች፣ ወገኖቻችንም ጭምር፣ ይህን ዕውቀት ይዘው ወደ አገራቸው ቢመለሱ ትርፉ የሁሉም ነው።

ሚዛን ላይ የተጻፈው ኪሎ የአገር ዘገባ የመጀመሪያ መስመር ነው። ከዚያ መስመር በላይ ደግሞ ዘገባውን የሚመሰክር ወይም የሚያርም የአየር ልኬት ያስፈልጋል። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው። የባሕረ ሰላጤው አገሮች አሉሚኒየምን በሚሊዮን ቶን፣ ኤሌክትሪክን በሜጋ ዋት በትክክል ይለካሉ፤ ለሽያጭና ለክፍያ ሲባል አንዲት ኪሎ እንዳትጠፋ ይጠነቀቃሉ። ከዚሁ ሥራ የሚወጣው ጋዝ ገዢ የለውም፤ ስለዚህ መዛኝም አጥቷል። ነገር ግን ዛሬ ከራስ አል ኸይር ወይም ከደማም የሚያመልጠው ቅንጣት የዛሬ አንድ ሺህ ዓመት የሚኖሩ ሰዎችም የሚተነፍሱት አየር ውስጥ ይኖራል። እነርሱ ሊመልሱት አይችሉም፤ ልንቆጥረውና ልንይዘው የምንችለው እኛ ብቻ ነን።